«ተልኳል» ያለው ማሽን

መካነ ሰላም፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ዓባይነህ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ ነው። ሌላ መጀመሪያ ቢኖረው እሱን እመርጥ ነበር። ጤናህንም አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን በየሳምንቱ ከምትለጥፋቸው ፎቶዎች አያለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ቆመህ፣ «ቴክኖሎጂን ገጠር ያደረሰ ወጣት» ተብለህ የምስክር ወረቀት ስትቀበል አየሁህ። ከኋላህ በትልቁ የተወጠረው ፎቶ የእኛ ቢሮ ነው። አንተ ማሽኑ ላይ እጅህን ጭነሃል፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ ሙላው ያጨበጭባሉ፣ በበሩ በኩል ግማሽ ትከሻ ይታያል። ትከሻው የእኔ ነው።

ይህን በኢሜይል ያልጻፍኩት ተክለኸው የሄድከው የኢሜይል ሰርቨር ስለማይሠራ አይደለም። አሁን ይሠራል፤ የጠገንኩት እኔ ነኝ። በወረቀት የጻፍኩት ካንተ የምፈልገው የእጅ ፊርማ ስለሆነ ነው። የአዲስ አበባውን አውቶቡስ የሚነዳው የኋላሸት ደብዳቤውን ሰጥቶህ መልስህን ቆሞ ይጠብቃል። ሥራ በዝቶብኛል ብለህ እንዳትሸኘው። የአቀስታን ብርድ ሃያ ዓመት የቻለ ሰው ያንተ ደጅ አያቅተውም።

ደሴ አብረን ስንማር ሰው ሁሉ ይጋባሉ ብሎን ነበር። እውነቱን ልንገርህና እኔም ብዬ ነበር። ምንህን እወድልህ እንደነበር ታውቃለህ? ለምንም ጥያቄ መልስ አታጣም ነበር። መምህሩ ጠይቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል የሚወጣው ያንተ እጅ ነው። ዕውቀት መስሎኝ ኮራሁብህ። «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፍህ መውጣት እንደማትችል የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። አንተ አዲስ አበባ ገብተህ «ኢንጂነር» ተባልክ። ማን እንደሰየመህ አላውቅም፤ ሁለታችንም የያዝነው ያንኑ የደረጃ አራት ዲፕሎማ ነው። እኔ መካነ ሰላም ተመልሼ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ።

ማኅበሩ ምን እንደሚሠራ በዚያ መድረክ ላይ ስትናገር ስለተሳሳትክ አንድ ጊዜ ደግሜ ልንገርህ። እኛ «የገጠር መረጃ ልማት» የሚባል ነገር የለንም። ማኅበሩን ያቋቋሙት ዓረብ አገር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ከቦረና፣ ከከላላ፣ ከለጋምቦ የሄደች ልጅ ከአሠሪዎቿ አምልጣ ሪያድ ያለው የሴቶች መጠለያ ስትገባ፣ ወደ አገሯ ለመሳፈር ከቤተሰቧ አንድ ወረቀት ያስፈልጋታል። አባቷ ወይም እናቷ «ይህች ልጅ ልጄ ናት፣ እቀበላታለሁ» ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትሙበታል፣ ቀበሌው ያረጋግጣል፣ እኛ ማኅተም አድርገን እንልካለን። ደላሎች በነጻ የኢሜይል አድራሻ ሐሰተኛ ወረቀት እየላኩ ስላስቸገሩ፣ መጠለያው በማኅበሩ በራሱ ስም ከተከፈተ አድራሻ ካልመጣ አልቀበልም አለ። የሰርቨሩ ነገር የመጣው እንዲህ ነው።

እኔ ተዘጋጅቶ የሚከራይ አለ፣ ከውጭ እንከራይ ብዬ ነበር። አንተ በስልክ ሳቅህብኝ። «የራሳችን ማሽን፣ በራሳችን መሬት» አልክ። ጋሽ ሙላው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለተከራየ ነገር ሪባን እንደማይቆረጥለት ያን ጊዜ አልገባኝም።

በልገሳ የመጣውን አሮጌ ኮምፒውተር ያጸዳሁት፣ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ሊኑክሱን የጫንኩት፣ ኬብሉን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አንተ የደረስከው ሥራውን በጀመርኩ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ የማሽኑ ምርቃት ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ኮትህን ወንበር ላይ ሰቅለህ ከአንድ ድረ ገጽ መስመር በመስመር እየገለበጥክ ጥቁሩ ስክሪን ላይ መለጠፍ ጀመርክ። የምትለጥፈውን አታነብም። ድረ ገጹ «እዚህ የራስህን ስም ጻፍ» ብሎ ለምሳሌ ያስቀመጠውን ስም እንኳ ሳትቀይር አለፍክ። ይህን ያገኘሁት ኋላ ነው። ማሽናችን ለዓለም ሁሉ ራሱን «ምሳሌ» እያለ ሲያስተዋውቅ ነው የከረመው። እኔን ደግሞ ውሃ እንዳመጣልህ ላክኸኝ፤ አመጣሁልህ።

ሙከራህ ደግሞ አለ። በእንግዶቹ ፊት ከማኅበሩ አድራሻ ወደ ማኅበሩ አድራሻ ኢሜይል ላክህ፣ ከዚያው ማሽን ወደዚያው ማሽን። ደረሰ። ለምን አይደርስም? ከጓዳ ወደ ሳሎን ተጣርቶ «ተሰማሁ» ብሎ የሚያስጨበጭብ ሰው ካንተ በፊት አላየሁም። ከዚያ ጋሽ ሙላው ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ጠየቁህ፣ አንተም እንደ ልማድህ መልስ አላጣህም። እሱን ቦታው ሲደርስ አነሳዋለሁ። ግንቦት 11 ቀን ነበር። ምሳ በልተህ በዚያው መኪና ተመለስክ።

ሰኔ 5 ቀን እትዬ ንግሥቴ መጡ። አንተ አታውቃቸውም። ከከተማው በታች የአራት ሰዓት መንገድ ተጉዘው የሚመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ሙሉሐረግ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ሊድሯት ቀን ቆርጠው ሳለ ከደላላ ጋር ጠፋች። ከሪያድ መጀመሪያ የደወለች ቀን እናትየው በንዴት «ከእንግዲህ ልጄ አይደለሽም» ብለው ስልኩን ዘጉባት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። መጠለያ መግባቷን የሰሙት እዚያው ምግብ ከምታበስለው ከከላላዋ ራሕማ ነው።

ጣታቸውን ሲያትሙ አሻራው ተበላሸ፤ ሌላ ወረቀት አወጣሁላቸው። ሁለተኛውን በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ይዘው አተሙት። ከዚያ ቀለሙን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ጠየቁኝ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ያን ቃል በስልክ ብዬዋለሁ። በስልክ ያልኩትን ወረቀት ይሽርልኛል?»

«ይሽራል» አልኳቸው።

ወረቀቱን ስካን አድርጌ ላክሁት። ማሽኑ የላከውን ሁሉ በሚመዘግብበት ሎጉ ላይ «ተልኳል» የሚል መስመር ወጣ፤ የወዲያኛው ሰርቨርም «ተቀብያለሁ» ብሎ መልሷል። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዙሬ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ጎንበስ ብለው አዩት። «አላህ ያክብርሽ» አሉኝ፣ በማርያምም መረቁኝ።

ሰኔ 19 ቀን ከመጠለያው ኢሜይል መጣ። የሙሉሐረግ ወረቀት አልደረሰንም፣ ፍጠኑ ይላል። ደወልኩልህ። ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ «ሎጉ ተልኳል ካለ ተልኳል። ችግሩ እነሱ ጋ ነው። አትነካኪው።» እንዳልነካካው የከለከልከኝ በእጄ የጫንኩትን ማሽን ነው።

ነካካሁት። መጀመሪያ ያን «ምሳሌ» የሚል ስም አገኘሁ። ተናደድኩ፣ ደስም አለኝ፤ በቃ ይኼ ነው አልኩ። አስተካክዬ የእትዬ ንግሥቴን ወረቀት ሰኔ 20 ቀን ዳግም ላክሁ። «ተልኳል።» ከሳምንት በኋላ መጠለያው ምንም አልደረሰንም አለ። ቀጥሎ የመስመራችን ቁጥር በስማችን አለመመዝገቡን አየሁ። ማሽናችን ስሙን ሲናገር፣ ተቀባዩ «እውነት ነው?» ብሎ ቁጥሩን መልሶ ቢጠይቅ የሚያረጋግጥለት የለም፤ መታወቂያ ሳይዙ ኬላ ላይ እንደመቆም ነው። እሱን ለማስመዝገብ በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጭቃ ደሴ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ቁጥራችን የአጭበርባሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ፈተሽኩ፤ አልገባም። ኢሜይሉ ላይ የሚያርፈውን የፊርማ ቁልፍ ፈተሽኩ፤ ግማሹን ሠርተህ ግማሹን ትተኸዋል። ጨረስኩልህ። ወደ ራሴ ስልክ ሞክሬ ደረሰኝ፤ ለካ የደረሰኝ ስልኬ የማኅበሩን አድራሻ እንደ ወዳጅ ስለሚያውቀው ነበር። ሐምሌ 24 ቀን ሦስተኛ ጊዜ ላክሁ። ሎጉ «ተልኳል» አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሎግንም ጨምርበት።

በመካከሉ አራት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። አንዴ ስብሰባ ላይ ነበርክ። አንዴ «በቴሌግራም ላኪላቸው» አልክ፤ ማሽኑ ለምን እንደተተከለ እንኳ አታውቅም ማለት ነው። አንዴ አንዲት ሴት አንስታ «ኢንጂነሩ ሥልጠና ላይ ናቸው» አለችኝ። አንዴ ደግሞ ራስህ አንስተህ በእንግሊዝኛ አንድ ሦስት ቃል ደረደርክና መስመሩ ተቆረጠ። ቃላቱን ፈለግኋቸው፤ ከነገሩ ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

እትዬ ንግሥቴ በየገበያው ቀን ይመጡ ነበር። ዝናቡ ቢዘንብም፣ ወንዙ ቢሞላም። «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ተልኳል» እላቸዋለሁ። ያየሁት እሱን ነዋ። እሳቸውም በር ላይ ለሚጠብቃቸው ሰው «ተልኳል ብላኛለች» እያሉ ሲወጡ እሰማለሁ። በዚያ ክረምት በአዲሱ አድራሻ ወረቀት የምትጠብቅ ሌላ ልጅ ስላልነበረች፣ «የእኔስ ደርሷል» የሚል ወይም «የእኔም ቀርቷል» የሚል አልነበረም።

ነሐሴ 16 ቀን ከመጠለያው አጭር ኢሜይል መጣ። ሙሉሐረግ የተባለችው ልጅ በራሷ ፈቃድ መጠለያውን ለቃ ወጥታለች ይላል።

ያን ቀን ማሽኑን መስኮት አውጥቼ ልወረውረው አስቤ ነበር። ይልቅ ለራሕማ ደወልኩና ከመጠለያው ጸሐፊ ጎን ተቀምጣ ኢሜይላቸውን ከላይ እስከ ታች እንድታይልኝ ለመንኳት። አራት ቀን ፈጀባት፤ ጸሐፊው ጊዜ አልነበረውም። በአራተኛው ቀን ደወለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«የሻለም፣ ወረቀቱ አለ። ሦስቱም አሉ። አይፈለጌ መልእክት በሚሉት ሳጥን ውስጥ ከታች፣ ከታች፣ የስምንት ዓመት ቆሻሻ ሥር። ቀኑ በፈረንጅ 2017 ነው የሚለው። ወላሂ፣ ያኔ እኮ ሙሉሐረግ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።»

አሁን የጋሽ ሙላው ጥያቄ ቦታው ደረሰ። አስታውሰህ እንደሆነ ጭብጨባው ሲበርድ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ አይደሉም፤ ሠላሳ ዓመት ደብተር ያረሙ መምህር ናቸውና ዓይናቸው ስሕተት ላይ ነው የሚያርፈው።

«ልጄ፣ ይኸ ማሽን ዘመኑን ስቷል» አሉህ። «2025 ይላል። አሁን 2017 አይደለም ወይ?»

እንግዳው ሳቀ። አንድ ነገር መናገር ይበቃህ ነበር፤ ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ አገር ለአገር የሚጻጻፈው በዚያ ነው ማለት። ጋሽ ሙላው ይገባቸዋል፣ ራሳቸው ይስቁ ነበር። አንተ ግን ሽማግሌ ማረም ነውር መስሎህ ይሁን፣ ሰው ሲስቅ መልስ ማጣት ሞት ሆኖብህ ይሁን፣ «ልክ ነዎት አባቴ፣ እናስተካክለዋለን» አልክ። ዓመቱን 2017 አደረግኸው። ግንቦት ዘጠነኛ ወራችን ነውና ወሩን ዘጠኝ፣ ቀኑን አሥራ አንድ አልከው። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አምስት ከሃያ አደረግኸው። ማሽኑ ግን ካንተ ይሻል ነበር። ትክክለኛውን ሰዓት ከውጭ ጠይቆ ወዲያው ወደ 2025 ተመለሰ። ሰው ዳግም ሳቀ። ያን ጊዜ ሰዓት የሚጠይቅበትን አገልግሎት ጭራሹን ዘጋኸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ጋሽ ሙላው «ማሻአላህ» አሉ፣ ተጨበጨበ፣ ምሳ ቀረበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመካነ ሰላም የሚወጣ ኢሜይል ሁሉ የስምንት ዓመት ዕድሜ ይዞ ነው የሚወለደው። ሎጉ አልዋሸም፤ ልኳል። የወዲያኛው ሰርቨርም ተቀብሏል። ግን ከስምንት ዓመት በፊት ያለ ቀን ለጥፎ ዛሬ የሚመጣ ደብዳቤ የአጭበርባሪ ነው ብሎ ወደ ቆሻሻው ጣለው። በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ደግሞ የሙሉሐረግ ወረቀት ከሥር ተቀበረ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ብቻ አይተው የለም ያሉትም እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ አንተን የምንቅበትን ጨረስኩ፤ የቀረው የእኔ ነው። ያን ቀን በሩ ጥግ ቆሜ ቀኑን ስትቀይር አይቻለሁ። በፎቶው ላይ የሚታየው ትከሻ ያኔ አጠገብህ ነበር። «ይኼ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። አንድ እርምጃ ብራመድ እሰማ ነበር። ግን የቀበሌው ሊቀመንበር አሉ፣ ቄሱ አሉ፣ ሼኩ አሉ፣ ጋሽ ሙላው ፊታቸው በርቷል፤ እኔ ውሃ ያመጣሁ ልጅ ነኝ። ሽማግሌውንም አንተንም ባሳፍር ምን ይሉኛል አልኩ። ከምሳ በኋላ ይመልሰዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከዚያ ለመድኩት። ሎጉን ስከፍት ወሩም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ከግድግዳው ካሌንደርና ከእጅ ሰዓቴ ጋር ይስማማል፤ ባዕድ አልሆነብኝም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን ማሽኑ «31» ብሎ ጻፈ። የእኛ ወር ሠላሳ አንድ የለውም። አየሁት፣ አለፍኩት። ስለዚህ አንተን ስንቅ እኔን አስተርፌ አይደለም።

መጠገኑ አንድ መስመር ነበር። የዘጋኸውን አገልግሎት ከፈትኩት፣ ማሽኑ ሰዓቱን ጠይቆ ወደ ዘመኑ ገባ። ወረቀቱን አራተኛ ጊዜ ላክሁ። ጸሐፊው በዚያው ሰዓት «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ። ሁለት ወር ተኩል የፈለግሁትን መልስ ሳነበው ምንም አልመሰለኝም።

ሙሉሐረግ ለምን እንደወጣች ራሕማ ነገረችኝ። መጠለያው ውስጥ በሳምንት አንድ ቀን ጸሐፊው ወረቀት የመጣላቸውን ልጆች ስም ይጠራል። ሙሉሐረግ አሥር ሳምንት ሙሉ ቆማ ሰማች። ከእሷ በኋላ የገቡት ተጠርተው ተሳፈሩ። በመጨረሻ «እናቴ ቃሏን ጠብቃለች» ብላ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወጣች። አሁን ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሰው ቤት ትሠራለች። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ዓርብ፣ ራሕማን ልታይ ትመጣለች። የእናቷን ስልክ አታነሳም። ደላላውም በስልክ ነበር ጣፋጭ ያወራኝ ትላለች። ራሕማ የደረሰውን ወረቀት ብታነብላት፣ «ቀኑን እይው፤ ከወጣሁ በኋላ ነው የላኩት። ለሰው ዓይን ነው» አለቻት። ሰኔ ላይ ተልኮ ነበር ብትላትም የሦስቱ ቀን በፈረንጅ 2017 ነው፤ ማን ያምናል?

እዚህ ላይ ነው አንተ የምታስፈልገው። የሚቀጥለው ቡድን ጥቅምት ላይ ይሳፈራል። መጠለያው ከተመለሰች ስሟን እጨምራለሁ ብሏል። ከመጥፎ ዕድልዋ ይልቅ ከባድ የሆነባት እናቷ የካደቻት መስሎ መታየቱ ነው፤ እሱ ካልተነሳላት አትመለስም። የእኔን ቃል የአገሯ ሰው ናት፣ ለእናቴ ታደላለች ትለዋለች። ማሽኑን የተከለው ሰው ራሱ «ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ ከፈረመ ግን አምናለሁ ብላለች። ነሐሴ መጨረሻ ደውዬ ይህን ስነግርህ ጨረታ ላይ ነኝ፣ ስሜን እንዳታነሺ አልክ። ቀጥለህም «የጠየቁኝ ሽማግሌው ናቸው» አልክ። ከሰባ ዓመት ሰው ኋላ መደበቅ ምን ያህል ምቾት እንዳለው ጠይቄህ ነበር፤ ዘጋህብኝ። ጋሽ ሙላው ስነግራቸው ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ኮፍያቸውን አውልቀው እትዬ ንግሥቴ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ እናትየው መሬት ሳይደርሱ ያዟቸው።

ለእትዬ ንግሥቴ ሁሉን የነገርኳቸው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን ነው። ተልኳል እያልኩ የመለስኳቸውን ጭምር። አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ማሽኑን ያበላሸው ልጅ እናት አለችው?»

«አለችው፣ አቀስታ» አልኳቸው።

«እንግዲያስ ንገሪው። እናት ካለው ይገባዋል» አሉኝና ቀለሙን አምጪ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እኔ የእሳቸው ልብ የለኝም። ይገባሃል ብዬ አይደለም የጻፍኩት። አንድ ቀን የሆነ ሰው ጠይቆህ መልስ ያጣህበትን ሰዓት ማየት ስለምፈልግ ነው፤ ሰዓቱ አሁን ነው። ከዚህ ጋር ያያያዝኩት ወረቀት አንድ ገጽ ነው፣ ጨረታህን አያስቀርም፣ አዳራሽ ውስጥ አይነበብም። ብትፈርምም ባትፈርምም የኋላሸት ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለራሕማ ይልከዋል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ታነብላታለች። ካልፈረምክ ባዶውን መስመር ታሳያታለች፤ ሰው ቆሞበት የነበረ ቦታ መሆኑን ትነግራታለች። ሌላ የምለምንህ ነገር የለኝም። እንዳትደውልልኝ።

የሻለም

*

ለሙሉሐረግ፣ ባለችበት

እናትሽ ንግሥቴ «ልጄ ናት፣ እቀበላታለሁ» ብለው ጣታቸውን ያተሙት ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ በዚያው ቀን፣ ደግሞም ሰኔ 20 እና ሐምሌ 24 ቀን ተልኮልሻል። ሳይታይ የቀረው የማኅበሩን ማሽን በተሳሳተ ዘመን ላይ አቁመነው ስለነበር ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። እናትሽ አንድ ቀን አልዘገዩም።

እናት፦ (የጣት አሻራ)

አይታ ዝም ያለች፦ የሻለም (ፊርማ)

ቀኑን የቀየረው፦ ኢንጂነር ዓባይነህ ................................